የደኑ ልብና የደኑ ጠርዝ

ዛሬ ወደ ደቡብ ጎንደር አብረን እንሄዳለን። መንገዱ ረጅም ነው። ግን በንባብ የሚሄድ ሰው እግሩ አይደክምም።

ጉዞው

ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ተነሣሁ። መጀመሪያ የፎገራን ሜዳ አለፍን። በዚያ ሩዝ ይዘራል። ከወረታ በኋላ መንገዱ ወደ ደጋው ይወጣል። ደብረ ታቦር ስንደርስ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ። የጉና ተራራም ከሩቅ ታየ።

በመስኮት ስመለከት አንድ ነገር ገረመኝ። አገሩ ሁሉ ማሳ ነው። ጤፍ አለ፤ ገብስ አለ፤ ድንችና ባቄላ አለ። በማሳው መካከል ግን እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ይታያል። ባሕር ላይ የተበተነ ደሴት ይመስላል።

“ያ ምንድን ነው?” ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቅሁ።

“ደን ካየህ፣ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ አሉ። ድሮ ደጋው ሰፊ ደን ነበረው። ሰው በዛ፤ ማሳ ሰፋ፤ ማገዶም ተፈለገ። ደኑ ተቆራረሰ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ግን አይነካም ተብሎ ስለተከበረ እነዚህ ቁራሾች ተረፉ።

ከደብረ ታቦር ወደ ማስተምርበት መንደር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ስደርስ መሽቶ ነበር። ከደኑ የጅብ ጩኸት ሰማሁ። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። “ጅቡማ ጎረቤታችን ነው” አሉ።

ሁለቱ ጨርቆች

በማግስቱ መሪጌታው ደኑን አስጎበኙኝ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ብሳና አሳዩኝ። አንድ ትልቅ ኮሶም አለ። ከማሳው ወደ ደኑ ስንገባ መጀመሪያ ፀሐይ ነበረ። መሬቱ ደረቅ ነው። የከብት ኮቴ ይታያል። ሣሩ ተግጧል። ጥቂት እንደሄድን ግን ጥላው ወፈረ። ቅጠሉ ከእግራችን ሥር እርጥብ ሆነ። ዛፉ ሁሉ ሽበት መሰለ፤ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎበታል። ወፎቹም ሌሎች ሆኑ። ዳር ላይ የሰማሁት ድምፅ ውስጥ የለም። የውስጡም ድምፅ ዳር ላይ የለም።

“ደን አንድ ይመስልሃል። ሁለት ነው። ዳሩና ሆዱ አይተዋወቁም” አሉ መሪጌታው።

ይህን ለተማሪዎቼ ላሳይ ፈለግሁ። ከአንድ ነጠላ ሁለት እኩል ጨርቅ ቀደድን። ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ነከርናቸው። አንዱን በደኑ ዳር፣ ሁለተኛውን በደኑ መሐል ጠዋት ሰቀልን። እኩለ ቀን ላይ ሄደን ዳሰስናቸው። የዳሩ ደርቋል። የመሐሉ ግን ገና እርጥብ ነው።

እንግዲህ ይኸ ነው ነገሩ። ነፋስና ፀሐይ በደኑ ዳር ይገባሉ። ዳሩ ይሞቃል፤ ይደርቃል። ይህን የደን ዳር ጠርዝ እንለዋለን። ነፋስና ፀሐይ የማይደርሱበትን ውስጡን ደግሞ የደኑ ልብ እንለዋለን።

ድፎ ዳቦው

አንዲት ተማሪ አለችኝ። ዕድሜዋ ከ60 ያልፋል። መንደሩ ሁሉ እማማ ይላታል፤ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። ፊደል የቆጠሩት በቅርብ ነው። ቁጥር ግን ከኔ ይልቅ ይቀናቸዋል። ሕይወታቸውን ሙሉ በገበያ ሽንኩርት ሸጠዋል።

ስለ ጠርዝ ስናገር እማማ ሰሙና “ታዲያ ይሄ እንደ ድፎ ዳቦ ነው” አሉ። “ዳቦው ሙሉ ሳለ ልቡ ለስላሳ ነው። ሳምንት ቢቀመጥም ይበላል። ቆራርሰህ ካስቀመጥከው ግን በየፊቱ ይደርቃል። ዳቦው ያው ነው፤ ከላዩ አልተወሰደም። ግን ደረቀ።”

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ደን ሲቆረስም እንዲሁ ነው። ዛፉ ባይቀንስ እንኳ ጠርዙ ይበዛል፤ ልቡ ያንሳል።

ማን ይጠቀማል? ማን ይጎዳል?

ጠርዝ ለሁሉም እንስሳ ክፉ አይደለም። ዝንጀሮ፣ ጃርትና ጅብ ጠርዝ ይስማማቸዋል። በደኑ ይሸሸጋሉ፤ ሲመቻቸው ወደ ማሳና ወደ መንደር ይወጣሉ። ጃርት ድንች ይቆፍራል። ዝንጀሮ ገብስ ይፈጃል። ስለዚህ ደን በተቆራረሰበት አገር ገበሬው ከእነዚህ ጋር ይበልጥ ይጣላል።

ስለ ጅብ አንድ ነገር ልጨምር። በትግራይ የጅብን ኩስ የመረመሩ ሰዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አሳትመዋል። ጅቡ ሌላ ጊዜ ሰው የጣለውን አጥንትና ሥጋ ይበላል። በሁዳዴ ሰው ሲጾም ግን የሚጣል ሥጋ የለም። ያን ጊዜ ጅቡ አህያ ማደኑን ያበዛል። አያችሁ፤ የጠርዝ እንስሳ ኑሮው ከእኛ ኑሮ ጋር ተጣብቋል። እኛ ስንጾም እሱ ወደ አህያችን ይመጣል።

የሚጎዱት ደግሞ የደኑን ልብ የሚወዱት ናቸው። በእርጥብ ቅጠል ሥር ትል የሚለቅሙ የጫካ ወፎች አሉ። ቅጠሉ ከደረቀ ትሉ የለም። ትሉ ከሌለ ወፉ የለም። ወፍ ደግሞ ፍሬ በልቶ ዘሩን ራቅ አድርጎ ይጥላል። ወፍ ከሌለ ዘሩ ከእናቱ ሥር ይወድቃል፤ በዚያም ከብት ይረግጠዋል።

ጉሬዛንም አስቡ። ጉሬዛ ኑሮው በዛፍ ላይ ነው። ካልተቸገረ በቀር ሜዳ አያቋርጥም። እኛ ስንጋባ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። በአንዲት ትንሽ ደን የተዘጋ የጉሬዛ ቤተሰብ ግን ወዴት ሄዶ ባዕድ ያግኝ? ከዘመድ ጋር ይዋለዳል። ዘሩም እየደከመ ይሄዳል።

ዛፍም ይኸው ችግር አለበት። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው። ጽድና ዝግባም እንዲሁ። በአንድ ደን አንድ ሴቴ ኮሶ ብቻ ከቀረና ወንዴው ሩቅ ከሆነ ዘር አይኖርም። ያ ትልቅ ኮሶ ቆሞ ይታያል። ሰውም “ደናችን ደኅና ነው” ይላል። እሱ ግን ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነው።

“እኛስ ምን ተጎዳን?” የሚል ይኖራል። ስለ ኑግ ልንገራችሁ። የኑግ አበባ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይይዝም። ንብ ከሌላው ተክል ብናኝ ማምጣት አለባት። ንብ ደግሞ ከደኑ አበባ ትቀስማለች፤ በዛፍ ቀዳዳም ትሰፍራለች። ስለዚህ የኑግ ዘይት የሚበላ ሁሉ ከደን ይበላል።

የተማሩ ሰዎች ምን አዩ?

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ተመራማሪ አሉ። “እመጓ” የተባለው መጽሐፍ ደራሲም ናቸው። እሳቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር መረመሩ። 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጠሩ። ከዚያም ከብት የሚገባበትንና የታጠረውን መሬት አስተያዩ። ከብት በሚገባበት ችግኙ ይረገጣል፤ ይበላል። በታጠረው ግን ይተርፋል።

ሌላም ማስረጃ አለ። በ1938 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች ይህን አገር ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ተመራማሪዎች ያን ፎቶ ከዛሬው ጋር አስተያዩት። የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ዛሬም አሉ። በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን ሳስቷል። ድሮ ደኑ ቀስ በቀስ ወደ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ወደ ማሳ ይለወጥ ነበር። ዛሬ ደኑ በቢላዋ እንደተቆረጠ ድንገት ያልቃል። ካባው የተገፈፈ ሰው ማለት ነው።

በብራዚል ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። ማናውስ ከተባለ ከተማ በስተ ሰሜን ነው። ጀማሪው ቶማስ ላቭጆይ ነበሩ። ባለ 1፣ ባለ 10 እና ባለ 100 ሄክታር የደን ቁራሾች ተለይተው ለብዙ ዓመታት ተጠኑ። በጠርዙ አካባቢ ትልልቆቹ ዛፎች በነፋስና በድርቀት ቶሎ ቶሎ ሞቱ። ጉዳቱ እስከ 300 ሜትር ወደ ውስጥ ዘለቀ። የጉንዳን ሰልፍ ተከትለው የሚመገቡ ወፎችም ከትንንሾቹ ቁራሾች ጠፉ።

የዓለም ደን ሁሉ እንዲህ እየሆነ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚለው በዓለም ከቀረው ደን 70 በመቶው ከጠርዝ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው።

የመንገዱ ነገር

አሁን ወደ መንደራችን እንመለስ። እኔ በደረስሁበት ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ አንድ መንገድ ይነጋገር ነበር። ከላይኛው መንደር ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ወፍጮው የሚሄድ ሰው ደኑን ይዞራል። በክረምት ዙሪያው ጭቃ ነው። መንገዱ ደኑን መሐል ለመሐል ይሰንጥቅ የሚል ሐሳብ ቀረበ።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። አንድ ወጣት እንዲህ አለኝ፦ “አምና ሚስቴን ምጥ ላይ ሳለች በቃሬዛ ተሸከምናት። ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅን። አንተ ስለ ወፍ ትነግረኛለህ። እኔ ስለ ሚስቴ ነው የማስበው።”

መልስ አጣሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዩኒቨርሲቲ ያነበብሁት ሁሉ ለዚያ ወጣት የሚሆን አንድ ቃል አልነበረበትም።

በማግስቱ እማማ “ለምን አንለካውም?” አሉ። “ሳይለካ የሚሸጥ ሽንኩርት የለም።”

ሂሳቡ

ክፍሉ በሙሉ ገመድ ይዞ ወጣ። ደኑ አራት ማዕዘን ይመስላል። አንዱ ጎን 400 ሜትር ያህል ሆነ። እስቲ እናንተም አብራችሁን አስሉ።

400 ሲባዛ በ400፣ 160,000 ካሬ ሜትር ነው። ይህም 16 ሄክታር ነው። በዚያ አገር 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው ይባላል። ስለዚህ ደኑ 64 ጥማድ ነው።

ጠርዙ 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል እንበል። ከሁሉም ጎን 50 ሜትር ስንቀንስ ልቡ 300 በ300 ይሆናል። ይህም 9 ሄክታር፣ ማለትም 36 ጥማድ ነው።

አሁን መንገዱ ደኑን ለሁለት ይክፈለው። እያንዳንዱ ቁራሽ 400 በ200 ይሆናል። በሁሉም ጎን 50 ሜትር ሲቀነስ የአንዱ ልብ 300 በ100 ነው። ይህ 3 ሄክታር ነው። የሁለቱ ድምር 6 ሄክታር፣ ማለትም 24 ጥማድ ነው።

መንገዱ ራሱ 6 ሜትር ስፋት ቢኖረው የሚወስደው መሬት አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። የደኑ ልብ ግን ከ36 ወደ 24 ይወርዳል። 12 ጥማድ ያጣል!

መንገዱ ጠባብ ከሆነና ዛፎቹ ከላይ ከተያያዙ ጉዳቱ ያንሳል። ይህን አልደብቅም። ነገር ግን በመንገድ ከብት ይገባል፤ መጥረቢያም ይገባል። ከጊዜ በኋላ ጠባቡ ይሰፋል።

ከዚያ እማማ መንገዱን በእግራቸው ለኩት። መሐል ለመሐል 580 እርምጃ ሆነ። ዙሪያውን 1,120 እርምጃ ሆነ። ልዩነቱ 540 እርምጃ ነው። ይህ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው።

“ታዲያ ልጁን የጣለው ርቀቱ አይደለም፤ ጭቃው ነው” አሉ እማማ።

ስብሰባው

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እማማ ቁጥሩን በጠመኔ ጽፈው ሰሌዳውን በራሳቸው ተሸክመው መጡ። በሰው ፊት ሲያነቡ የመጀመሪያቸው ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። “ሠላሳ ስድስት” ብለው አነበቡ። “ሃያ አራት” ብለው አነበቡ። ማንም አልሳቀም።

ያ ወጣት ተነሣ። “ስድስት ደቂቃም ለምጥ ብዙ ነው። ግን ጭቃው ከተሠራ እሺ እላለሁ። ካልተሠራ መጥረቢያዬን ይዤ ነው የምመጣው” አለ።

እንግዲህ ጭቃውን ለማስወገድ መንገዱ በዙሪያው ከፍ ብሎ በድንጋይ መደልደል አለበት። ለዚህ ደግሞ የአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ይነካል። ገበሬው ሽማግሌ ናቸው። ማሳቸው ትንሽ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

“ደኑ የሁላችን ከሆነ ለምን የኔ ብቻ ማሳ ይቆረሳል?” አሉ በመጨረሻ።

ጥያቄው ትክክል ነው። መሪጌታው “ልክ ብለዋል፣ አባቴ” ብለው መለሱ። ብዙ ከተባለ በኋላ እንዲህ ተስማሙ። የሚነካው መሬት ይለካል። በምትኩ መንደሩ ከወል መሬት እንዲሰጣቸው ይጠየቃል። ማሳቸው ላይ ያለው ድንጋይ በሙሉ በደቦ ይለቀማል። ድንጋዩ ግማሹ ለመንገዱ፣ ግማሹ በደኑ ዙሪያ ለካብ ይውላል። በደቡብ ጎንደር ሌሎች ደብሮች እንዲህ ያለ ካብ ሠርተዋል። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፤ ደኑም ከከብት ይጠበቃል። ከካቡ ውጭ ደግሞ አጋምና ቀጋ ይተከላል። ያ የጠፋው የደኑ ካባ ነው።

ሽማግሌው ግን ወዲያው እሺ አላሉም። “ከባለቤቴ ጋር ልምከር። ሳምንት ስጡኝ” አሉ። ሳምንት ተሰጣቸው።

እኔ ሳምንቱ ሳይደርስ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወርሁ። ስለዚህ መጨረሻውን አላየሁም። የሄድሁበት ቀን ጠዋት ግን በማሳው ዳር ሳልፍ እማማን አየኋቸው። ብቻቸውን ድንጋይ ይለቅማሉ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ቆመው ይመለከቷቸዋል።

“እማማ፣ ገና ምላሽ አልሰጡም እኮ” አልኋቸው።

“እሳቸው ይመክራሉ፤ እኔ እለቅማለሁ” አሉኝ። “ድንጋዩ እንደሆነ ለየትኛውም መልስ ይጠቅማል። ሂድ ልጄ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሃል።”

ዘወር ስል ሽማግሌው ከበራቸው ወርደው ወደ ማሳው ሲያመሩ አየሁ። ሊከለክሏቸው ይሁን ሊያግዟቸው አላወቅሁም። እግራቸው ግን የቁጣ እግር አልመሰለኝም።

አዳዲስ ቃላት

ጠርዝ፦ የአንድ ነገር ዳር፤ ደኑ አልቆ ማሳው የሚጀምርበት።
ቁራሽ፦ ከሙሉው ተከፍሎ የቀረ።
ካብ፦ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የሚሠራ አጥር።
ብናኝ፦ በአበባ ላይ የሚገኝ፣ ፍሬ እንዲያዝ የሚያደርግ ዱቄት መሰል ነገር።

ተወያዩበት

1. በአካባቢያችሁ የቀረ ደን አለ? ልቡ የት ነው? ጠርዙስ?
2. አንድ ደን 200 ሜትር በ200 ሜትር ነው። ጠርዙ 50 ሜትር ቢገባ ልቡ ስንት ሄክታር ይሆናል?
3. ሽማግሌው ያነሡትን ጥያቄ እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትመልሱት ነበር?